የአብሮ አደግ እናት፦ ለቅሶና ተዝካር በጎንደር ታሪክ

በጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተሰሜን በተዘረጉት የወገራ፣ የዳባት፣ የደባርቅና የስሜን ደጋዎች ሟች የተወው ሀብት ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው የዘር ሐረግ ሲሆን፣ ሟችን ማን ቆሞ እንደሚያለቅስ የሚወስነው ግን ከዚህ የሰፋ ልማድ ነው። ርስት፣ ማለትም ከአቅኚው አባት ወይም እናት ጀምሮ በሁለቱም ወገን እየተቆጠረ የሚወረስ የመሬት መብት፣ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ለማይችል ሰው በሩን ይዘጋል። ለቅሶ ቤት ግን በሟች እጅ የበላውን ሁሉ ያስገባል። በመሆኑም የአብሮ አደግ እናት፣ ማለትም ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያደገ ባልንጀራ እናት፣ ባረፈች ጊዜ ከእርሷ ጋር አንዳች የደም ትስስር የሌለው ሰው ከልጆቿ ተርታ ተቀምጦ ማልቀሱ፣ አስከሬኗን መሸከሙና ለተዝካሯ ማዋጣቱ ከግል ፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ ፍቅሩ የሚገለጥበት መንገድ ግን በዘመናት የተደላደለና የራሱ ታሪክ ያለው ሥርዓት ነው።

ይህ ሥርዓት የቆመው እናትነት ከመውለድ ውጭም ይገኛል በሚል የቆየ አስተሳሰብ ላይ ነው። ሕፃን ሲጠመቅ ከካህኑ እጅ የምትቀበለው የክርስትና እናት ከወላጆቹ ጋር አበልጅ ትሆናለች፤ አበልጅነቱም እንደ ሥጋ ዝምድና ተቆጥሮ ጋብቻን እስከ መከልከል ይደርሳል። የጡት ልጅነት ደግሞ ካደገ ሰው ጋር እንኳ ሊመሠረት የሚችል ዝምድና ሲሆን፣ ጥበቃና ጥገኝነት የሚሻው ሰው የታላቁን ሰው አውራ ጣት ወይም ጡት በማር አስቀብቶ በመጥባት ልጅነቱን ያጸናበት ነበር። እነዚህ ሁለቱ የታወቀ ስምና ሥነ ሥርዓት አላቸው። ሦስተኛው ዝምድና ግን ስም ያልወጣለትና ምስክር ያልተቆጠረለት፣ ሆኖም በብዛቱ ከሁለቱም የሚልቅ ነው፤ እርሱም በጎረቤት ልጆች ገበታ ላይ የሚበጀው ነው። የልጇ ጓደኛ ከቄስ ትምህርት ቤት ወይም ከከብት ጥበቃ ሲመለስ ከልጇ ጋር ከአንድ ሞሰብ የምታበላው፣ ሲያጠፋ ወላጆቹን ሳታስፈቅድ የምትቆጣው፣ መሽቶበት ከቤቷ ሲያድር የልጇን ጋቢ የምታለብሰው፣ እርሱም በአንቱታ እያከበረ “እማማ” ወይም “እትዬ” የሚላት ሴት፣ በቁሟ ይህን ሁሉ ውለታ ብላ አትቆጥረውም። የሚቆጠረው በሞተች ጊዜ ነው።

የመታሰቢያውን መንፈሳዊ መልክ የሰጠችው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ናት። ለሙታን የሚጸለይበት መጽሐፈ ግንዘት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ መተርጉም በሚል ቅጽል በሚታወቁት ጳጳስ በአቡነ ሰላማ ዘመን፣ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ እንደተመለሰ ይነገራል። ከቤት እስከ መቃብር በሚደረገው ጉዞ አስከሬኑ ሰባት ጊዜ እያረፈ ይጸለይበታል፤ ይህም ሰባት ምዕራፍ ይባላል። በዜማው በኩል ደግሞ ለቅዱስ ያሬድ ከሚሰጡት አምስት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መዋሥዕት በተለይ ለሙታን ጸሎትና መታሰቢያ የሚዜም ሲሆን፣ ዋናው ማስመስከሪያው፣ ማለትም ተማሪው ተፈትኖ መምህር የሚሆንበት ጉባኤ ቤት፣ በጋይንት የሚገኘው ዙር አምባ ነው። ጎንደር በበኩሏ በበአታ ለማርያም ደብር የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚታጀበው ዝማሜ፣ ማስመስከሪያ በመሆኗ የሊቃውንት መናኸሪያ ነበረች። ከዚህ የተነሣ በከተማዋ የመካከለኛ ቤት እመቤት እንኳ ስታርፍ ለፍትሐቷ፣ ማለትም ከኀጢአት እስራት እንድትፈታ ለሚደረገው ጸሎት፣ የሚቆሙት ደብተራዎች በሌላው አገር ለመኳንንት ብቻ የሚገኙ ዓይነት ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከቀብሩ በኋላ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባሉ የሚቆጠሩት ቀናት ይከተላሉ። ሣልስት ከክርስቶስ ትንሣኤ፣ አርባው ደግሞ ከዕርገቱ ጋር ይያያዛል። ተዝካር የሚባለው፣ ካህናትና ድኻ የሚመገቡበት ታላቁ የመታሰቢያ ግብር፣ ብዙ ጊዜ በአርባው ቀን ይወጣል፤ አቅም ያጠረው ወይም መኸር የሚጠብቅ ገበሬ ግን እስከ ሙት ዓመቱ ሊያቆየው ይችላል። በእነዚህ ጸሎቶች ሁሉ ሟቿ የምትታወሰው በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ተብላ ነው። ጎረቤቷና የልጇ ጓደኛ ግን ይህን ስም አብዛኛውን ጊዜ አያውቁትም፤ የሚያውቁት በደጅ የምትጠራበትን የቤት ስም ወይም በልጇ ስም “የእገሌ እናት” መባሏን ነው። ቤተ ክርስቲያን በአንድ ስም ስታስባት ሰፈሩ በሌላው ያስባታል፤ የሁለቱ መታሰቢያ ባለቤቶችም የተለያዩ ናቸው።

ለዚህ ልዩነት ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ ነው። ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ሕፃኑ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ነገሠ፤ እናቱም ብርሃን ሞገሳ በሚል የመንግሥት ስም ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር አገር ገዙ። ክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ በታሪክ የታወቁት ግን በቤት ስማቸው በምንትዋብ ነው። ከከተማው ወጣ ብለው፣ ቅድስት ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ባረፈችበት የግብፅ ስፍራ ስም፣ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ከአጠገቡም ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩ። ለደብሩ ካህናት ሰፊ መሬት መድበው፣ ካህናቱም በመሬቱ ልክ የቅዳሴ፣ የማኅሌትና የጸሎት አገልግሎት እንዲሰጡ አደረጉ። ጉልት የሚባለው እንዲህ ያለው የመሬት ስጦታ የፖለቲካ ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ታማኝ ካህናትን ያበዛል፣ ዘመድ አዝማድን ያደራጃል። ነገር ግን ሰጪዋ ከሞተች በኋላ ስሟ በመሠዊያው ፊት ሳይቋረጥ እንዲጠራ በመሬት የሚገዛ ዋስትናም ነበር።

ምንትዋብ ግን ከመታሰባቸው አስቀድሞ ብዙ ጊዜ አስታዋሽ ሆነው መኖር ግድ ሆነባቸው። ልጃቸው ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሞተ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ እቴጌይቱ በቁስቋም ይኖሩ ነበር፤ እርሱም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች በማከሙ በዚያው መስተንግዶ አገኘ፣ ከእቴጌይቱ ልጅ ከወይዘሮ አስቴርም ጋር ተዋወቀ። የጎንደር ሴቶች ዘመዳቸው ሲሞት ለዚሁ ተብሎ በሚያሳድጉት የትንሿ ጣት ጥፍር የሁለቱን ጆሮ ግንድ ቆዳ እንደሚቧጭሩ፣ ቁስሉ ሳይሽር ሌላ ሞት እንደሚደርስና በጦርነት ዘመን ጠባሳ የሌለበት ፊት ማየት ብርቅ እንደሆነ የሚገልጸው ማስታወሻው፣ የባዕድ ሰው ዐይን የሚያጋንነው ነገር ቢኖርበትም፣ ፊት መንጨት በመባል እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በገጠር ከቆየው ልማድ ጋር ይስማማል። ምንትዋብ በ1773 ዐረፉ። የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም እስከ ዛሬ በቁስቋም በአንድነት ይገኛል። ደብሩ በ1888 በደርቡሽ፣ ማለትም በሱዳን መሐዲስቶች፣ ተቃጥሎ፣ ቤተ መንግሥቱም ፈርሶ፣ በመሬት የተገዛው የጸሎት ዋስትናም በኋላ በሕግ ተሽሮ ሳለ፣ እቴጌይቱን ጎንደሬ እስከ ዛሬ ካህናቱ በሚጠሩበት ስም ሳይሆን በቤት ስማቸው ያነሣቸዋል። የሰፈር መታሰቢያ ከርስትና ከጉልት የበለጠ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስላል።

ተራዋ ባለርስት ሴት ቁስቋምን የሚያህል ደብር ልትሠራ ባትችልም፣ ተዝካሯን ለማስወጣት የሚያስችል መሣሪያ ግን ነበራት፤ እርሱም ኑዛዜ ነው። በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ስለነበር፣ ከእነዚህ መዝገቦች ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ሲይዙ፣ ሲሸጡና ሲናዘዙ በብዛት ይታያሉ። ሴትዮዋ በነፍስ አባቷ፣ ማለትም ኑዛዜዋን በሚቀበለው ካህን፣ ፊት ማን ምን እንደሚወስድ ስትናገር፣ ወራሹ ተዝካሯን እንዲያወጣ መጠበቋ የታወቀ ነበር። ልማዱ እየጠነከረ ሲሄድ ተዝካር ማውጣት ራሱ የልጅነት ማስረጃ ሆነ፤ በርስት ክርክር ጊዜ “ማን ቀበረ? ማን ተዝካር አወጣ?” የሚለው ጥያቄ ለዳኛው ክብደት ነበረው፣ ሳይዘክር መሬት የያዘ ወራሽም በጎረቤት ዘንድ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነበር። የአብሮ አደግ ድርሻ እዚህ ላይ በጣም ስሱ ነው። ለተዝካሩ በግ ቢያመጣ፣ ጠላ ቢያስጠምቅ፣ ድግሱን ቢያስተናግድ መሬት ሊጠይቅበት አይችልም፤ ይህ በመሆኑም ስጦታው ከጥቅም ፍለጋ የጸዳ ተደርጎ ይታይለት ነበር። ወንድማማቾች በእናታቸው ተዝካር ወጪ ሲጣሉ አስታራቂ ሆኖ የሚገባውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነበር፤ የሚወርሰው ነገር የለውምና።

የለቅሶው ሥርዓት የሚጀምረው በሞቱ ሰዓት ሳይሆን በመርዶው፣ ማለትም የሞትን ዜና ለሟች ዘመድ በማርዳት፣ ነው። ሩቅ ያለ ልጅ የእናቱን ሞት በድንገት እንዲሰማ አይደረግም። ወዳጆቹ ተሰባስበው ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ይደርሳሉ፤ ከእነርሱ መካከል ዜናውን የሚናገር ሰው ሲመረጥም አብሮ አደጉ ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ ልጁ ራሱን እንዳይጎዳ ሊይዘው የሚችልና ሟቿን ራሱም “እናቴ” ብሎ ሊያለቅስ የሚችል ሰው ነውና። በደጋው ገጠር ለቀስተኛ ከሩቅ ጋራ ላይ ሲደርስ ዋይታውን ያሰማል፣ በለቅሶው ሜዳ ያሉት ይቀበሉታል። ለወንድ ጠመንጃው፣ ጋሻውና ፈረሱ ሲታይለት ለሴት ቀሚሷ፣ ኩታዋና ጌጧ እየተነሣ ይለቀስበታል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማለትም ጥለቱን ወደ አንገታቸው መልሰው ይለብሳሉ፤ የቅርብ ሰው ፀጉሯን ትላጫለች።

ሙሾ፣ ማለትም በለቅሶ ላይ በግጥም የሚወርደው ሐዘን፣ የሴቶች ሙያ ነው። ሙሾ አውራጇ ሟቿን ከማወደሷም በላይ ለቀስተኛውን አንድ በአንድ በስሙ እየጠራች ከሟቿ ጋር የነበረውን ጉዳይ ታነሣበታለች። ለዚህም ከለቅሶው በፊት ወይም በመካከሉ ከጎረቤት ትጠይቃለች፤ ማን ከማን ጋር እንዳደገ፣ ማን በዚህች ቤት ታሞ እንደዳነ፣ ማን ከርሃብ ዘመን በዚህች ሴት እንጀራ እንደወጣ ታጣራለች። የአብሮ አደጉ ስም በሙሾ ውስጥ ሲገባ ልጅነቱ በአደባባይ ታወጀለት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትንና ከልክ ያለፈ ዋይታን እንደ ተስፋ መቁረጥ ቆጥራ ስትነቅፍ ብትኖርም ሙሾን ልታስቀር አልቻለችም። የካህኑ ጸሎት ስለ ሟቿ ነፍስ ሲሆን ሙሾው የሚያወራው ስለ ሕይወቷ ነው፤ የኋለኛውን የሚያደርግ ሌላ ሥርዓት በጎንደር አልነበረም።

የእናት ስም በአደባባይ የሚነሣው ግን ለውዳሴ ብቻ አልነበረም። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሆኑት የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ዘመናቸው ኮሶ፣ ማለትም ለሆድ ትል መድኃኒት የሚሆነውን የኮሶ ዛፍ አበባ፣ ሸጠው ነበር እየተባለ “የኮሶ ሻጭ ልጅ” ተብለው ተሰድበዋል። በሰፊው በሚነገረው ትውፊት መሠረት ይህን ዘለፋ የሰነዘረው በጊዜው ጎንደርን ያስተዳድሩ የነበሩት የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድ በተማረከ ጊዜ ካሣ ኮሶ እንዲጠጣ አድርገውታል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ስለ ካሣ ቁጣና ቀልድ ሲባል ይተረካል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የአንድን ሰው እናት ክብር መንካት ከባድ ቅጣት እስከ ማስከተል መድረሱን፣ በአንጻሩም በለቅሶ ላይ እናትን በሥራዋ ማወደስ ለልጇም ለልጇ ጓደኞችም የክብር ጥያቄ መሆኑን ያሳያል።

አብሮ አደጎች በለቅሶ ቤት የሚሠሩት ሥራ በጾታ የተከፈለ ነው። ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ቃሬዛ ይሸከማሉ፣ ዳስ ይጥላሉ፣ ቢያንስ እስከ ሣልስቱ ድረስ ከቤቱ ያድራሉ። ሴቶቹ ወደ ማድ ቤት ይገባሉ። ሐዘንተኛዋ ልጅ በእነዚያ ቀናት ሥራ አትነካም፤ ጎረቤት እዝን፣ ማለትም ለሐዘንተኛ የሚወሰድ እንጀራና ወጥ፣ ይዞ ይመጣል፣ ከቤት የሚሰናዳው የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ ንፍሮ ነው። በርበሬው ከየትኛው ቅል፣ ጨው ከየትኛው ማሰሮ፣ ሽሮው ከየትኛው ስልቻ እንዳለ ሳትጠይቅ የምታውቀው ግን በልጅነቷ በዚያ ቤት እየገባች የበላችው የልጅቷ ጓደኛ ናት፤ ስለዚህ የሟቿን ማድ ቤት እንደ ቤት ልጅ ተረክባ የምታዘው እርሷ ትሆናለች። በዕድሜ የሚበልጧት የሥጋ ዘመዶች እንኳ በዚህ ጊዜ ይታዘዟታል።

ለተዝካር የሚሆነው ዝግጅት ደግሞ ሳምንታትን ይወስዳል። ገብስ ዋና እህሉ በሆነው በስሜንና በወገራ ደጋ ጠላው ከገብስ ይጠመቃል። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅሎና ደርቆ ብቅል ይሆናል፤ የጌሾ ቅጠልና እንጨቱ ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ቂጣ ተጋግሮ ተቆርሶ ከብቅሉ ጋር ይገባበታል፤ ከዚያም ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ በእንኩሮ መልክ ታምሶ ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል። ጋኑ አስቀድሞ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የአንድ ቤት ምድጃና ጋን ይህን ሁሉ ሊችል ስለማይችል፣ ሥራው ለጎረቤት ይከፋፈላል፤ አንዷ ብቅሉን፣ ሌላዋ ጌሾውን፣ ሦስተኛዋ እንጀራውን ትይዛለች። የአብሮ አደግ ቤት አንድ ሙሉ ጋን ይደርሰዋል። ይህ ብድር ነው፤ የራሱ እናት በሞተች ጊዜ ይመለሳል። በዚህ አሠራር የሁለት ጓደኛሞች እናቶች፣ በሕይወት ሳሉ በቡና የተገናኙት፣ አንዷ ለሌላዋ ቤት ተዝካር ጌሾ ስትወቅጥ ኖረው ወረፋቸውን ይጠብቁ ነበር።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከባድ ነበር። የእርሻ በሬውን ሸጦ የእናቱን ተዝካር ያወጣ፣ ከዚያም መሬቱን ለባለጥማድ ለእኩል ሰጥቶ ለዓመታት የደኸየ ገበሬ በየቀበሌው ይገኝ ነበር። ተዝካርን የሚነቅፉ ሰዎች ይህን ማንሣታቸው ትክክል ነው። ሆኖም ነቀፋቸው አብዛኛውን ጊዜ ካህናቱና ድኻው የበሉትን እንጂ፣ ድግሱ በጎረቤት መካከል ያስቀጠለውን የብድርና የመረዳዳት ሰንሰለት ከሒሳብ አያስገባም።

ልማዱ የክርስቲያኖች ብቻ አልነበረም። ከጎንደር በስተሰሜን በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ለሙታናቸው ተዝካር በሚል በዚሁ ስም መታሰቢያ ያደርጉ ነበር፤ በኦሪት ሕግ መሠረት አስከሬን የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ሰውነቱን ታጥቦ ይነጻል። ይህ የንጽሕና ሕግ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዋና ክርስቲያን ደንበኛዋ በገበያ ያላቸውን መቀራረብ በለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ይገድበው ነበር። ሙስሊሞቹ ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ከወሰነ በኋላ ዛሬ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር ቢሰፍሩም፣ በንግድና በሽመና ከከተማው ጋር ተሳስረው ኖረዋል። ሙስሊሙ የክርስቲያን አብሮ አደጉን እናት ሲቀብር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድረስ ይሸኛል፤ ለተዝካሩም በራሱ ሰው እጅ የሚታረድ በግ ይለይለታል። ክርስቲያኑም ለሙስሊም ጓደኛው እናት ሰደቃ፣ ማለትም ለሟች መታሰቢያ ለሚሰጠው ምጽዋትና ግብዣ፣ ሲጠራ እንደዚሁ ይስተናገዳል። ሥጋ አለመካፈላቸው ሐዘን እንዳይካፈሉ አላገዳቸውም።

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለከተማዋ መታሰቢያዎች ክፉ ዘመን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከተማዋን አስዘርፈዋል፤ በ1888 ደርቡሽ ብዙዎቹን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ከመጻሕፍቱ ጋር በኅዳጎቻቸው የተጻፉ ኑዛዜዎችም ጠፍተዋል። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን የመታው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ የደብር መሬት ቀረ፣ ተዝካርንና ርስትን ያስተሳሰረው ክርም ተበጠሰ። የደርግ ካድሬዎች ድግሱን ኋላ ቀር ልማድ ብለው አወገዙት። ድግስን መንቀፍ አንድ ነገር ነው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነው ግን ሌላ ነበር። በቀይ ሽብር፣ ጎንደር ኋላ በፍርድ ቤት በተፈረደባቸው በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ ብዙ ወጣቶች ተገደሉ፤ በአገሪቱ እንደነበረው ሁሉ የተገደሉት ወጣቶች ቤተሰቦች በአደባባይ እንዳያለቅሱ ይከለከሉ ነበር። በልጅ ሞት ሐዘን መቀመጥ ሲከለከል፣ ለቅሶ መድረስም ተጠርጣሪ የሚያደርግ ሥራ ሆነ። የልጆቹ ጓደኞች ታስረዋል፣ ተሰደዋል ወይም አብረው ሞተዋል። ከዚያ ትውልድ እናቶች ብዙዎቹ በኋላ ዘመን ሲያርፉ ከልጆቻቸው አብሮ አደጎች የተረፉት ጥቂቶች ከተለያየ አገር መጥተው አልጋቸውን የተሸከሙት፣ በልጆቹ ምትክ ነበር።

ስደቱ የመርዶን ሥርዓት አሰፋው። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ለመሻገር ከጎንደር መንደሮች በእግር የወጡት ቤተ እስራኤል፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከመነሣታቸው በፊትና በዚያው ጊዜ፣ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች 4,000 ያህል ሰው እንደሞተባቸው ይገመታል። በዚያ በረሃ የተቀበሩ እናቶች ተዝካር አልወጣላቸውም፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ በቆመላቸው ሐውልት በየዓመቱ በአንድነት ይታሰባሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ጎንደሬዎችም እናት በአገር ቤት ስትሞት ዜናውን ለልጇ በስልክ መናገርን እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ከጎንደር የሚደወለው ለአብሮ አደጉ ነው፤ እርሱ ሌሎችን ሰብስቦ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ማለዳ፣ በሩን ያንኳኳል። እስከዚያው ድረስ ዜናውን ለቀናት ደብቆ ከጓደኛው ጋር እያወራ ይቆያል። ማኅበራዊ መገናኛዎች ይህን መደበቅ እጅግ አስቸጋሪ አድርገውታል፤ ልጁ የእናቱን ፎቶ ከ“ነፍስ ይማር” ጋር በስልኩ ላይ ያየበት አጋጣሚ ከእድሜ ጠገቦቹ ዘንድ እንደ ታላቅ ስሕተት ይነሣል።

በከተማው ውስጥ ደግሞ የለቅሶውን ሸክም እድር፣ ማለትም በየወሩ ገንዘብ እየተዋጣ ለቀብርና ለሐዘን ጊዜ የሚረዳዳበት የሰፈር ማኅበር፣ ተረክቦታል። ጥሩንባ ነፊው ሞቱን ያውጃል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሰሐኑ ከእድሩ ግምጃ ቤት ይወጣል። እድር ሥራውን በደንብ ጽፎ የሚሠራ ማኅበር በመሆኑ ግን እንደ ጥንቱ ርስት ዝምድናን ይቆጥራል፤ ለአባል እናት፣ አባት፣ ልጅና የትዳር ጓደኛ ይህን ያህል ይከፈላል ይላል፣ የአብሮ አደግ እናት በዝርዝሩ የለችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም እንዲሁ ነው፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለተወላጅና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ለሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የጓደኛውን እናት የሚቀብር የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህር ከዓመት ፈቃዱ ላይ ቀንሶ ይሄዳል፣ አለዚያም ለቀብሩ ሰዓት ብቻ አለቃውን አስፈቅዶ ወጥቶ ይመለሳል። ማታ ከሥራ ሲወጣ ወደ ድንኳኑ መጥቶ ከሌሎቹ አብሮ አደጎች ጋር ያመሻል፣ አንዳንዴም ያድራል፤ ሌሊቱን ለመግፋት ካርታ የሚጫወቱትን ሽማግሌዎች ቢቆጧቸውም፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር የሚጠብቁት እነርሱ በመሆናቸው ቁጣው ከቃል አያልፍም።